ገና በ28 ወይስ በ29?



ባለፉት ሳምንታት በዚህ አምድ ስለ ደመወዝ አያያዝ፣ ስለ ሕፃናት ክትባትና በሰፈራችን የውኃ ቧንቧ አጠገብ ስለሚነሣው ጠብ ስንጽፍ ሰንብተናል። ዛሬ ግን ከአንዲት እኅታችን የደረሰን ደብዳቤ ከተለመደው መንገዳችን አውጥቶ ወደ ባሕረ ሐሳብ መርቶናል። ደብዳቤው ከልጅ ደብተር በተገነጠሉ ሁለት ገጾች ላይ የተጻፈ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ከበስተኋላው ያለው ነገር ግን አጭር አይደለም።

ነገሩ የደረሰው በ2016 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። የእኅታችን ባለቤት ሃምሳ አለቃ ሲሆን በዚያን ጊዜ በሶማሊያ በአፍሪካ ኅብረት የሰላም ተልእኮ ውስጥ ይገኝ ነበር። ቤቱን ካየ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ለገና ከቤተሰቡ ጋር ለመዋል ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ገና ታኅሣሥ 29 እንደሚውል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ የጉዞውን ቀን ሲያስሞላ «በ28 ማታ ቤቴ ልግባ፤ ሌሊቱን አብረን እናስቀድሳለን» ብሎ አሰበ። ለሚስቱም በስልክ ይህንኑ ነገራት። እርሷም ዶሮዋን ገዛች፤ ጠላዋን ጠመቀች፤ ልጆቹንም «አባታችሁ ለገና ይመጣል» እያለች ታስተኛቸው ጀመር።

በዓሉ ሲቃረብ ግን ከቤተ ክርስቲያን የሰማችው ቃል ሌላ ሆነ። ካህኑ «የዘንድሮው ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ልደት የሚከበረው በ28 ነው» ብለው ለምእመናን አስታወቁ። እቤት ገብታ ይህን ብትናገር፣ ከገጠር መጥተው አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ገና ሃያ ዘጠኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሃያ ዘጠኝ ነው የፈሰክሁት። ልጄ መንገድ ላይ እያለ በዓሉን ልታሳልፊበት ነውን?» አሏት።

በ27 ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በ28 ማለዳ በየቤቱ ጾም ተፈታ። የዶሮ ወጡ ሽታ ከጎረቤት እየመጣ ልጆቹ ቢያለቅሱ፣ እኅታችን እንጀራ ቆርሳ ከወጡ አጎረሰቻቸው። አማቷ ግን «ልጄ ሳይገባ አልቀምስም» ብለው በጾማቸው ዋሉ። ማታ ሃምሳ አለቃው ሻንጣውን ተሸክሞ ሲደርስ፣ በዓሉ አልፎ፣ ቄጠማው ጠውልጎ፣ ጎረቤቱ በሩን ዘግቶ አገኘው። እናቱ ከመደባቸው ተነሥተው አንገቱን አቀፉና «ልጄ፣ በዓልህን በሉብህ» አሉት።

«ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ይህ ቃል ይነሣል» ትላለች እኅታችን። «ባለቤቴ በመካከላችን ዝም ይላል። እኔም ሳልበድል በደለኛ መባልን ለምጄዋለሁ። እውነቱ የቱ እንደሆነ ጻፉልኝና ላንብብላቸው።» በመጨረሻም የትልቁን ልጇን ጥያቄ አክላለች። አባቱ በተልእኮው ላይ ሳለ የኡጋንዳና የቡሩንዲ ወታደሮች ገናን ከእኛ 13 ቀን ቀድመው ሲያከብሩ እንዳየ አጫውቶት ኖሮ፣ ልጁ «እማዬ፣ ጌታ ስንት ጊዜ ነው የተወለደው?» ሲል ጠይቋታል።

ከልጁ እንጀምር። ጌታ የተወለደው አንድ ጊዜ ነው። የተወለደበትን ወርና ቀን ግን ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱም አልጻፈልንም። ማቴዎስ ስለ ንጉሥ ሄሮድስና ስለ ሰብአ ሰገል፣ ሉቃስ ደግሞ ስለ ሕዝብ ቆጠራውና ሌሊት መንጋቸውን ይጠብቁ ስለነበሩት እረኞች ይነግሩናል፤ ቀኑን ግን አያነሡም። (እረኞቹ ተራ ገብተው ሌሊቱን የሚጠብቁ እንደነበሩ ልብ ይሏል፤ የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው ለዘብ ጠባቂዎች ነው ብንል የሚቆጣን ያለ አይመስለንም።) በመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ክርስቲያኖች የልደትን በዓል ያከብሩ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃም አልተገኘም። ያን ጊዜ ታላቁ በዓላቸው ትንሣኤ ነበር።

ታዲያ ታኅሣሥ 29 ከየት መጣ? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መልሱ አንድ ነው፦ ከቆጠራ። ሉቃስ በወንጌሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ መልአኩ ገብርኤል ወደ ድንግል ማርያም የተላከው ኤልሳቤጥ በፀነሰች በስድስተኛው ወር እንደሆነ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁ ዮሐንስን ጽንሰት መስከረም 26 ቀን ታስባለች። ከዚያ ስድስት ወር ያህል ሲቆጠር መጋቢት 29 ይደረሳል፤ ይህም የጌታ ጽንሰት ቀን ነው። ከመጋቢት 29 ደግሞ 9 ወር ከ5 ቀን ሲቆጠር ልደት ይሆናል። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የሚለውን ቁጥር የሰፈራችን እናቶች ከእኛ ይልቅ ስለሚያውቁት፣ ማብራሪያ አንጨምርበትም።

አሁን እኅታችን ልጆቿንም አማቷንም አጠገቧ አስቀምጣ በጣቷ ትቍጠር። ከመጋቢት 29 እስከ ሚያዝያ 29 አንድ ወር፤ ግንቦት ሁለት፤ ሰኔ ሦስት፤ ሐምሌ አራት፤ ነሐሴ አምስት፤ መስከረም ስድስት፤ ጥቅምት ሰባት፤ ኅዳር ስምንት፤ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ። ወሮቻችን ሁሉ ባለ 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠኙ ወር 270 ቀን ነው። አምስቱ ቀን የት ገቡ? በነሐሴና በመስከረም መካከል ያለችው ጳጉሜን ናት! 270 እና 5 ተደምሮ 275 ቀን ይሆናል። ቆጠራው የሞላው እንዲህ ነው።

ይሁንና ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች። ይህም የሚሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ነው። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆነች፤ ተከታዩ 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ሆነ። በዚያ ዓመት ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ቢቆጠር 276 ቀን ይመጣል፤ አንድ ቀን ተረፈ ማለት ነው። አባቶች ከቀኑ ቁጥር ይልቅ የጽንሱን ልክ ስለመረጡ፣ በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል። እንግዲህ ካህኑ የተናገሩት ልክ ነው። እኅታችንም በዚያ ቀን ልጆቿን ማጉረሷ በዓል ማፍረስ አልነበረም።

አማትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ በ29 ፈሰክሁ ማለታቸውስ? እኚህ እናት በየአራት ዓመቱ በ28 ሲያከብሩ የኖሩ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አላስተዋሉትም እንጂ። በገጠር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ባልነበረበት ጊዜ፣ የበዓሉን ቀን የሚናገሩት ካህኑ ናቸው፤ ሕዝቡም ነገ ገና ነው ሲባል ይሄዳል። በዚያ አገር ከበዓሉ ጋር የሚጣላ የጉዞ ወረቀት አልነበረም። እርሳቸውን ከገና ጋር ያጣላቸው ባሕረ ሐሳብ ሳይሆን የልጃቸው መዘግየት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በሌላ በኩል፣ እርሳቸው 29 ቍጥርን አጥብቀው መያዛቸው እንዲሁ ግትርነት አይደለም። በየወሩ 29ኛው ቀን በዓለ ወልድ ነው። በዚህ ቀን መዘከር፣ ጽዋ መጠጣት፣ ለነዳያን መመጽወት የብዙ እናቶች ልማድ ሆኖ ኖሯል። በወር በወሩ 29ን ስታከብር የኖረች እናት «የዓመቱ ታላቅ ቀን በ28 ነው» ሲሏት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

አሁን ወደ ኡጋንዳና ወደ ቡሩንዲ ወታደሮች እንመለስ። እነርሱ የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ቀን ነው። ይህ ቀን በ354 በተጠናቀረ የሮም መዝገብ ውስጥ የክርስቶስ ልደት ተብሎ ይገኛል፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለው ዝርዝር ደግሞ ከ336 የመጣ ነው ይባላል። (እነዚህና ቀጥለው የሚመጡት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሊቃውንት ስለ አመራረጡ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ፣ ቄሣር አውሬልያን በ274 ያስፋፋውን የፀሐይ አምልኮ ለመተካት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሮማውያን ክርስቲያኖች ጽንሰቱን ማርች 25 አድርገው ዘጠኝ ወር ቆጠሩ ይላሉ። ለእኛ ሁለተኛው ይበልጥ ይጥመናል፤ የእኛም አባቶች ያደረጉት ይህንኑ ነውና።

በምሥራቅ በኩል ግን መጀመሪያ ላይ ልደትና ጥምቀት በአንድ ቀን፣ በጃንዋሪ 6፣ ይከበሩ ነበር። አርመኖች እስከ ዛሬ ይህን ጥንታዊ ሥርዓት ጠብቀዋል። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ለልደት የራሱን ቀን ሰጡት። ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 በአንጾኪያ ባሰማው ስብከት፣ ይህ ቀን ወደ እነርሱ ዘንድ ከመጣ ገና አሥር ዓመት እንኳ እንዳልሆነው ተናግሯል፤ ትክክለኛነቱንም ያስረዳው ከላይ እንዳየነው ከዘካርያስና ከኤልሳቤጥ ቆጥሮ ነው። በ432 ደግሞ በእስክንድርያ፣ በቅዱስ ቄርሎስ ፊት፣ የኤሜሳው ጳውሎስ የልደትን ስብከት ያሰማው ኪያክ 29 ቀን ነበር። ኪያክ የግብፃውያን ታኅሣሥ ነው፤ ወሮቻቸውና ወሮቻችን ቀን በቀን ይገጥማሉ። ታኅሣሥ 29 ይኸውላችሁ!

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን። በዚያ ዘመን የሮሙ ዲሴምበር 25 እና የእስክንድርያው ኪያክ 29 አንድ ቀን ነበሩ። ሮማዊውም ግብፃዊውም በአንድ ሌሊት ያስቀድስ ነበር። በኋላ የተለያዩት የልደቱን ቀን አንዱ ስለቀየረ ሳይሆን፣ የቀን መቁጠሪያውን አንዱ ስለቀየረ ነው።

ይህም እንዲህ ነው። ዩልዮስ ቄሣር ያቆመው የሮም አቆጣጠር፣ የእኛም የጳጉሜን ሥርዓት፣ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ያደርጉታል። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። አሥራ አንድ ደቂቃ ለአንድ ዘብ ተረኛ ምንም አይደለችም፤ በሺህ ዓመት ግን ትከማቻለች። በ1582 የሮም ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ፣ የፀደዩ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ የፋሲካን ስሌት ስላዛባ፣ 10 ቀን ከመቁጠሪያው አወጡ። በዚያ ዓመት የኦክቶበር 4 ማግሥት ኦክቶበር 15 ተባለ። በተጨማሪም ለ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመታት መዝጊያዎች ተጨማሪ ቀን እንዳይኖራቸው ተደረገ። ስለዚህ 1700፣ 1800 እና 1900 አንድ አንድ ቀን ጨምረው ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። የአሮጌው መቁጠሪያ ዲሴምበር 25 በአዲሱ ጃንዋሪ 7 ይውላል። የእኛ ገና በዚያ ቀን የሚውለው ለዚህ ነው።

«የእኛ 13 ቀን የዘገየ ስሕተት ነውና ይታረም» የሚሉ ሰዎች አልፎ አልፎ ያጋጥሙናል። የጎርጎርዮስ መሐንዲሶች ያረሙት የፀሐይን ጉዞ እንጂ የቤተ ልሔምን ሌሊት አይደለም፤ በ1582 ስለ ልደቱ ቀን አዲስ ማስረጃ ያገኘ ሰው አልነበረም። አንድ አገር ቀኑን ሊቀይር መብት አለው። ዩክሬን በ2023 ሕግ አውጥታ የገናን ብሔራዊ በዓል ከጃንዋሪ 7 ወደ ዲሴምበር 25 አዛውራለች፤ ይህም የሆነው ከጦርነቱ ጋር በተያያዘ ከሩሲያ ለመለየት እንጂ ወንጌሉ ሌላ ስለተገኘ አልነበረም። ሰርቦችና ጆርጂያውያን ግን እንደ እኛው በጃንዋሪ 7 ናቸው።

ለልጁ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው መልስ ያለው በራሷ በቤተ ልሔም ነው። በዚያች ከተማ ጌታ ተወለደ በሚባልበት ስፍራ ገና ሦስት ጊዜ ይከበራል። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በዲሴምበር 25፣ ግሪኮች፣ ግብፃውያን፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን በጃንዋሪ 7፣ አርመኖች ደግሞ አሮጌውን መቁጠሪያና ጥንታዊውን ቀን ስለያዙ በጃንዋሪ 19 ያስቀድሳሉ። ሕፃኑ አንድ፣ ዋሻውም አንድ ነው። እንግዲህ አባቱ በሶማሊያ ያያቸው ጓዶች ሌላ ልደት አላከበሩም፤ የኛኑ ልደት በሌላ መቁጠሪያ አከበሩ እንጂ።

አንድ የተለመደ ስሕተትም እግረ መንገዳችንን እናርም። «በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 የሚሆነው ከፈረንጅ ጃንዋሪ 7 እንዳይለይ ነው» የሚሉ አሉ። ከጃንዋሪ 7 አለመለየቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን እርሱ አይደለም። የእኛ ተጨማሪ ቀን በጳጉሜን ሲገባ የእነርሱ ከወራት በኋላ በፌብሩዋሪ ስለሚገባ፣ በዚያ መካከል ያሉት ቀኖቻችን በአንድ ይንሸራተታሉ። ጥምቀት ለምሳሌ ምንጊዜም ጥር 11 ነው፤ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በአውሮፓውያን ዘንድ እንደ ወትሮው ጃንዋሪ 19 ሳይሆን ጃንዋሪ 20 ዋለ፤ ከገና እስከ ጥምቀትም እንደ ወትሮው 12 ቀን ሳይሆን 13 ቀን ሆነ። ገና ለፈረንጅ መቁጠሪያ ያልታሰረ መሆኑን የልጅ ልጆቻችን በዓይናቸው ያዩታል፤ የአውሮፓውያን 2100 ተጨማሪ ቀን ስለማይኖረው፣ አሁን ያሉት ሥርዓቶች ካልተለወጡ ከ2101 ጀምሮ የእኛ ገና በጃንዋሪ 8 ይውላል። እኛ ግን ያን ጊዜም ታኅሣሥ 29 እንለዋለን።

በላስታ ላሊበላ በቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ማሜ ጋራ በሚባለው አለት ላይና ከታች በቅጥሩ ውስጥ በሁለት ወገን ቆመው ቤዛ ኩሉን በሚያቀርቡበት ጊዜ ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሌሊት የሚያሰባስበው ይኸው ቆጠራ ነው። በእግሩ ለቀናት የተጓዘ ገበሬ ቀኑን ቢስት የሚያገኘው ባዶ ቅጥር ነበር። ሃምሳ አለቃው ቤቱ ሲደርስ ያገኘው እንዲሁ ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ወደ ሰፈራችን ሥራ እንመለስ። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ለገና ፈቃድ የምትጠይቁ ወታደሮች ሁሉ፣ በጥያቄያችሁ ላይ በዓሉን ታኅሣሥ 28 ብላችሁ ጻፉ፤ በ27 ከመምሸቱ በፊት ቤት የምትገቡበትን መንገድ አስሉ። የጉዞ ወረቀት የምታዘጋጁ ጸሐፊዎችም ከአምናው ወረቀት ላይ አትገልብጡ። የዘብ ተራ የምታወጡ አለቆችም እንደዚሁ፤ ዒድ ሲሆን ክርስቲያኖቹ እንደሚቆሙላቸው ሁሉ በገና ሌሊት ተራ የሚገቡልን ሙስሊም ጓዶቻችን፣ በስሕተት በማግሥቱ ሌሊት እንዳይመደቡና ደግነታቸው ከንቱ እንዳይቀር። ሚስቶች ደግሞ የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደሆነ ካህኑን ጠይቁና በዚያው ሰሞን ለባሎቻችሁ አስታውቁ። ደብዳቤም ሆነ ስልክ ያን ጊዜ ይደርሳል።

እኅታችን ይህን ገጽ ለአማቷ ታንብብላቸው። ስታነብም ካህኑ ልክ ነበሩ ከሚለው ትጀምር ዘንድ አንመክራትም፤ ከጳጉሜን ትጀምር፤ ጣታቸውን ይዛ አብራ ትቍጠር። በዚያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲፈስክ እርሳቸው ልጃቸውን እየጠበቁ በባዶ ሆዳቸው እንደዋሉም እኛ እንዳነበብን ትንገራቸው። ሃምሳ አለቃውም በመካከላቸው ዝም ማለቱን ትቶ፣ የጉዞውን ቀን ያስሞላው እርሱ ራሱ እንደነበረ ለእናቱ ቢናገር መልካም ነው። እርሳቸው የሚሉትን እኅታችን ጽፋ ብትልክልን፣ ቦታ እንዳገኘን እናወጣዋለን።